የክበባችን ታሪክ ከየት ይጀምራል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። በወጣቶች ማዕከል ውስጥ የቲያትር ክበብ አለን። ደሞዝ የሚከፈለው ሰው የለም። ቀን ቀን ሁላችንም የየራሳችን ሥራ ላይ ነን። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ፋርማሲ ትሠራለች፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ተሰብስበን እንለማመዳለን። ክበቡ የተነሣው ከትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ ነው ይባላል። 15ኛ ዓመቱን ልናከብር ስለሆነ ታሪኩን እንድጽፍ እኔን መረጡኝ። ግን እጄ ላይ ምንም ነገር የለም። መሥራቾቹ «በ2002 ነው የጀመርነው» ይላሉ። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት ደግሞ 2010 ይላል። በዚህ ብቻ ሁለት ስብሰባ ተጨቃጭቀናል። አንድ አባላችን ደግሞ «የአማተር ቲያትር ምን ታሪክ አለው? ታሪክ ያለው እነ ብሔራዊ፣ እነ ሀገር ፍቅር ናቸው» አለኝ። ነገሩ ከነከነኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልነሣ። እኔንም ከንክኖኛልና።

ያ አባላችሁ የጠቀሰው ሀገር ፍቅር ራሱ ሲጀመር የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነበር። ጊዜው ሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነው። የጣልያን ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በኩል እየተከማቸ ነው። መኮንን ሀብተወልድ ሰው አሰባሰቡና የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ቲያትር ቤት እንክፈት ብለው አልነበረም። ሕዝቡ ሊመጣ ያለውን ነገር እንዲያውቅ፣ እንዲነሣ ነው። ንግግር ይደረጋል፣ ይሸለላል፣ ይፎከራል፣ ይዘመራል። ማኅበሩ 10 ወር ሳይሞላው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባና ሁሉም ተበተነ። ከነፃነት በኋላ እንደገና ተቋቋመ። ዛሬ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የምናውቀው ቲያትር ቤት የመጣው ከዚያ ነው።

ከዚያ በፊትስ ቢልህ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መሆናቸውን ንገረው። በቲያትር እንጀራ የሚበሉ ሰው አልነበሩም። ሩሲያ ወታደራዊ ትምህርት የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጄኔቫ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ለሀገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው። «የአውሬዎች ኮመዲያ»ን አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ውስጥ ለመኳንንቱ አሳዩ። በአውሬዎቹ አፍ የሹማምንቱን ጉድ ስላወጡ ጨዋታው ታገደ። ቀጥሎ የመጡት ዮፍታሔ ንጉሤም ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የመጡ የቅኔ ሰውና አስተማሪ ነበሩ። ያኔ ተዋንያን ሆነው መድረክ ላይ የሚወጡት የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ያሁኑ ብሔራዊ፣ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቲያትርን እንደ አንድ የትምህርት ክፍል ማስተማር የጀመረው በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሸክም በብዛት የተሸከሙት ሌላ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ እንደናንተ አስተማሪ፣ ተማሪ፣ ጸሐፊ። ስለዚህ ታሪክ የላችሁም የሚልህን ሰው አትስማው።

ስለ ዓመቱም እዚሁ እንጨርሰው፤ ሦስተኛ ስብሰባ እንዳትጠሩበት። የምስክር ወረቀቱን የሰጣችሁ ድርጅት የፈረንጅ አቆጣጠር ተጠቅሞ ይሆናል። የኛ 2002 የገባው በፈረንጅ መስከረም 2009 ነው፤ ያለቀው ደግሞ መስከረም 2010። ወረቀቱ ላይ ያለውን ወር ተመልከት። በፈረንጆቹ ከጥር እስከ ነሐሴ 2010 መካከል ከሆነ፣ መሥራቾቹም ወረቀቱም እውነታቸውን ነው። ስትጽፍ በኛው አቆጣጠር ጻፍና «ዓ.ም.» የምትለዋን አትርሳ። ከ20 ዓመት በኋላ የሚያነብ ልጅ እንደናንተ እንዳይጨቃጨቅ።

አሁን ከየት ልጀምር ላልከው። የኔን ልንገርህ።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጥቶ የከተማ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ ከኅብረት ሱቁና ከአብዮት ጥበቃው ጋር የኪነት ቡድን የሚባልም መጣ። እኔ በ1975 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰፈራችን ጉለሌ ነው። አዳራሻችን የቆርቆሮ ነበር። ዝናብ ሲጥል ቃለ ተውኔት አይሰማም። ስለዚህ ለክረምት የምናዘጋጀው ላይ ንግግር ቀንሰን ዘፈንና ውዝዋዜ እናበዛለን። መጋረጃው አቡጀዲ ነበር። እናቶቻችን ቀይ ቀለም ነከሩልን። የመጀመሪያው አጠባ ላይ ቀለሙ ለቀቀና ሮዝ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌ ለሚሆነው ልጅ ጥጥ በዱቄት ሙጫ እንለጥፍለታለን። ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ሲያልበው ጢሙ ወደ አንገቱ ይወርዳል። በእጁ ደግፎ ይጨርስ ነበር፤ ሕዝቡም አይስቅበትም። ያን ሕዝብ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። 25 ሳንቲም ከፍሎ፣ ጀርባ በሌለው አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይቀመጥልን ነበር።

ገንዘብ ያዣችን ሸማኔ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። አንድም ቀን መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም። ቀን ሲሸምኑ ውለው ማታ በር ላይ ቲኬት ይቆርጣሉ። አንድ ባለ መስመር ደብተር ነበረቻቸው። ሒሳቡን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ እየለዩ ይጽፋሉ።

በ1983 ክረምት መግቢያ ላይ ቡድኑ ፈረሰ። አዳራሹን የተረከቡት ሰዎች ዕቃችንን ግቢው ውስጥ አወጡት። ሰኔ ነበር። ድርሰቶቻችን በሁለት ካርቶን ነበሩ። ሌሊቱን ሲዘንብባቸው አደረ። ጠዋት ስንደርስ ወረቀቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ሆኗል። የ8 ዓመት ሥራችን ነበር። ደብተሯ ብቻ ተረፈች፤ ጋሼ ማታ ማታ ቤታቸው ይዘዋት ስለሚገቡ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሳቸው ካረፉ ወዲያ፣ ልጃቸው አምጥታ ሰጠችኝ። አሁን እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። አንዱን ገጽ ልገልብጥልህ፦ «ጥቅምት 14፣ አቡጀዲ 12 ሜትር። ጥቅምት 16፣ ቀለም። ጥቅምት 20፣ ለሻይ 3 ብር ከ50። ጥቅምት 21፣ መብራት ስለጠፋ ሻማ 8። ጥቅምት 21፣ ለቡልኮ ኪራይ 2 ብር።»

የቲያትሩ ስም የለም። የተዋናይ ስም የለም። ግን «ቡልኮ» የሚለውን ሳነብ ሁሉም ነገር መጣ። የታመመች እናት ሆኜ የተኛሁበት ቲያትር ነው። ቡልኮውን ያከራዩን ጎረቤት እንዳይቆሽሽባቸው መጥተው መጨረሻው ድረስ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። መብራቱ የጠፋው ልሞት ስል ነው። ስምንቱ ሻማ ከኅብረት ሱቅ እስኪመጣ በጨለማው ውስጥ ተኝቼ ጠበቅሁ። ልጄ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ንግግሩን አላቋረጠም፣ በጨለማው ይቀጥላል። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ያን ልጅ ስልክ አፈላልጌ አገኘሁት። እሱ ሌሎች ሦስት አስታወሰኝ። ሦስቱ ሰባት ሆኑ። ከአንዲት የሒሳብ ደብተር ተነሥተን የ19 ቲያትር ዝርዝር አወጣን።

ልጄ፣ አንተም ከሒሳቡ ጀምር። የክበባችሁ ገንዘብ ያዥ ማን ነበር? ደረሰኝ አለ? የአልባሳት ኪራይ፣ የጄኔሬተር ኪራይ፣ የትራንስፖርት የከፈላችሁበት ወረቀት? ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ሄዳችሁ ካሳያችሁ የሚኒባስ የከፈለ ሰው አለ። ወረቀት ከሌለ ሰው አለ።

ሰዎቹን ስታነጋግር «መቼ ነበር?» ብለህ አትጀምር። ሰው ዓመተ ምሕረት አያስታውስም። «ያኔ አግብተህ ነበር? የመጀመሪያ ልጅሽ ተወልዳ ነበር? ከቲያትሩ በኋላ የት ቤት ሻይ ጠጣችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ዓመቱ ከሠርጉና ከለቅሶው ይወጣል። መሪ ተዋናዮቹን መጨረሻ አድርጋቸው። እነሱ ታሪካቸውን ደጋግመው ተናግረውታል፣ አፋቸው ላይ ተሠርቶ ያለቀ ነው። መጀመሪያ መጋረጃ የሚጎትተውን፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቃል የሚያቀብለውን፣ ወንበር የሚደረድረውን ፈልግ። አዳራሹን ያዩት እነሱ ናቸው።

ተጣልተው የወጡትንም አትዝለል። ተጣልቶ የወጣ የሌለበት ክበብ አላየሁም። ሄደህ «የናንተን ወገን ልስማ» በላቸው። አግብተው የቀሩ ሴቶች አሉ፣ ዐረብ ሀገር የሄዱ አሉ። እነሱ በድምፅ መልእክት ይልኩልሃል። የድርሰቱን ጸሐፊ ስም ሳታረጋግጥ አንድም ቲያትር እንዳታስገባ። የበጎ ፈቃድ ቲያትር ውስጥ ትልቁ በደል የሚፈጸመው ደራሲው ላይ ነው። ልጁ ይጽፋል፣ ክበቡ ይጫወታል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ ይጠፋል።

ከፀረ ኤድስ ክበብ መነሣታችሁን በአንድ መስመር እንዳታልፈው። ሰፋ አድርገህ ጻፈው። የዚያ ዘመን ልጆች የሰልፍ ሰዓት ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ አጭር ድራማ ይሠሩ ነበር። ሲሠሩም ከመካከላቸው አባቱን የቀበረ፣ እናቱን እያስታመመ የሚመጣ ልጅ ነበር። ያኔ ማንም በግልጽ የማያወራውን ነገር እነሱ በተውኔት አወሩት። መሥራቾቹን «ለምን ጀመራችሁ?» ብለህ ጠይቅና ዝም ብለህ አዳምጥ። የታመመ ሰው ስም ከተነሣ ግን ቤተሰቡን ሳታስፈቅድ አትጻፍ።

ፎቶ ስታገኝ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ስም ጻፍ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል፣ ቀለሙም ይሰራጫል። ሞባይል ላይ ያለውን ቪዲዮ ደግሞ ዛሬውኑ ቢያንስ ሁለት ቦታ ገልብጠው። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። የኛ ካርቶን ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ ናዝሬት በቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ልጆቼ «ቲያትር ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ሲሉኝ አዎ ለማለት ይከብደኛል። የሠራነው ፕሮፓጋንዳ ነበር። ይህ ከቲያትር ታሪክ ይቆጠራል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እኩያሽ ነኝና እንደ እኩያ ልመልስልሽ። ይቆጠራል። ግን ሙሉውን ከነገርሻቸው ነው።

ድርሰታችን ከመለማመዳችን በፊት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይገባ ነበር። ተነቦ፣ ተሠርዞ ይመለሳል። መጨረሻው የግድ ድል ነው። ድሀው ይነሣል፣ አድኃሪው ይወድቃል፣ ሁላችንም ግራ እጃችንን አንሥተን «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» እንላለን። «በጎ ፈቃድ» የሚለውን ቃልም ለዚያ ዘመን ስጠቀምበት ቆም እላለሁ። እኔ ወድጄ ነው የገባሁት፤ መድረክ እወድ ነበር። ከኛ መካከል ግን ቀርቶ ቢገኝ ለቤተሰቡ ጥሩ ስለማይሆን ብቻ የሚመጣ ልጅ ነበር። አሁን ሳስበው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሽኝቱ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱ ልጆች ሲሸኙ ኪነቱ ይጠራል። እንዘፍናለን፣ አጭር ድራማ እናሳያለን። አንድ ቀን ፊት ረድፍ ላይ ጎረቤታችን የነበረ ልጅ ተቀምጦ ነበር። ስዘፍን ዓይኔን አየኝና ፈገግ አለ። አልተመለሰም። እናቱን ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጎንበስ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም ነበር። የቡድናችንን ታሪክ ስንጽፍ አንዳንዶቹ «ይኼን እንተወው» አሉ። እኔ እንቢ አልኩ። ገብቷል።

በዚያው አዳራሽ ግን ሌላም ነገር ሆኗል። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት የነበሩ አንዲት እንጀራ ሻጭ ቃለ ተውኔታቸውን እያነበቡ ሲለማመዱ አይቻለሁ። ከየቀበሌው ኪነት ወጥተው ትልልቅ ዘፋኝና ተዋናይ የሆኑም ብዙ ናቸው። ለልጆችሽ ሽኝቱንም ንገሪያቸው፣ እኚያንም ሴትዮ ንገሪያቸው። የናዝሬት ጓደኞችሽ እዚያው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ አይጠፉም። አንድ ቅዳሜ ቡና አፍልተሽ ሰብስቢያቸው። ስልክሽን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገሽ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጪው። ስኒ ሲንኳኳ ድምፅ ስለሚበላሽ ትንሽ ራቅ አድርጊው።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጅ አለችኝ። ሐዋሳ ነው የምንኖረው። የሰፈር ቲያትር ክበብ ገብታ ማታ ትቆያለች። ትምህርቷ አልወደቀም። ግን ሰው ምን ይላል? አባቷም አልወደደውም። ልከልክላት?

መልስ፦ አትከልክያት። «ሰው ምን ይላል» ያልሽው አዲስ ጭንቀት አይደለም። ድሮ መድረካችን ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሻሽ አስረው፣ ቀሚስ ለብሰው። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋናዮች አንዷ የሆነችው አስናቀች ወርቁ፣ ያቺ የክራሯ ንግሥት፣ መድረክ ላይ ስትወጣ ሰው ያወራ ነበር። ኋላ ሀገር በሙሉ አለቀሰላት።

አንቺ መጠየቅ ያለብሽ ሌላ ነገር ነው። ልምምዱ ስንት ሰዓት ያልቃል? ማን ቤት ድረስ ያደርሳታል? ኃላፊው ማን ነው፣ ስልኩ አለሽ? ሌሎች ሴቶች አሉ? ይህን በግልጽ የማይመልስልሽ ክበብ ከሆነ ያን ጊዜ አውጫት። ከመለሱልሽ ግን አንድ ቀን ሄደሽ ልምምዱን ተመልከቺ። አባቷንም ይዘሽው ሂጂ።

የኔ እናት እንዲሁ አልወደደችውም ነበር። አንድ እሑድ ሳትነግረኝ መጣች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እኔ ያየኋት መሀል ላይ ነው፤ ጉልበቴ ራደ። ሲያልቅ አብረን ወደ ቤት ሄድን። መንገዱን ሙሉ ምንም አልተናገረችም። በር ላይ ስንደርስ ቁልፉን እየፈለገች፣ «ድምፅሽ ከኋላ አይሰማም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራቴን ክዳን ገጥማ ታቆይልኝ ነበር።